ያልተወረወረልኝ ኳስ

ሰው የወጣትነት ዘመኑን ሲያወራ ሠፈር ውስጥ ኳስ ተጫውቻለሁ፣ ሩጫ ሞክሬያለሁ፣ ቦክስ ጀምሬ እናቴ አስተወችኝ ይላል። እኔ ጅግጅጋ ውስጥ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። ይህን ስናገር ወዲያው ያመነኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ትከሻዬን ያይና እንዳይጎዳኝ ብሎ ወሬ ይቀይራል። በቴሌቪዥን የሚታዩት የዚያ ጨዋታ ሰዎች በር የሚያህሉ ናቸው፤ እኔ ያኔ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነበርኩ፣ እሱም ጫማዬን ሳላወልቅ። ግን እውነት ነው። ኳስ ተቀባይና የምት መላሽ ነበርኩ። ደመወዝ የለውም፣ ማሊያም የለውም፣ ሥራው ግን ሥራ ነበር።

ጅግጅጋ የደረስኩት በ2011 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ እንዳስተምር ተመድቤ። ደብረ ብርሃን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ምደባውን የሰማች ቀን ምሳም እራትም አልበላችም። መናኸሪያ ልትሸኘኝ ስትመጣ ሁለት ብርድ ልብስ አሸከመችኝ። ጅግጅጋ ቆላ ነው ብዬ ስከራከራት፣ "ቆላ ከሆነማ ለምን ትሄዳለህ?" አለችኝ። ብርድ ልብሶቹ በኋላ የጠዋቱ ነፋስ ሲመጣ አገለገሉኝ፤ ያንን ግን አልነገርኳትም። ከመኪናው መስኮት ሥር ቆማ፣ "ዝውውር የተከፈተ ቀን ቅጹን ሞልተህ ትመጣለህ፤ ማልልኝ" አለች። ማልኩላት። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ትደውላለች፤ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው፣ "ዝውውሩ ተከፈተ?" ብላ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ክፉ አልነበረም። ሻዩ ቅመም የበዛበት ነው፤ ለመድኩት። ነፋሱ ያሰጣሁትን ሸሚዝ ሦስተኛው ግቢ ወስዶ ይጥላል፤ ጎረቤቶቼ አጣጥፈው ይመልሱልኛል። ተማሪዎቼ "መዓሊን" ይሉኛል፤ በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው። ማንም ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ሆኖም ዓመቱ ሲያልቅ ዞር ብዬ ሳስበው፣ ከመምህራን ክፍል ውጪ በስሜ ጠርቶ የሚፈልገኝ ሰው አልነበረኝም። ሰላም የሚለኝ ብዙ ነው፣ የሚጠብቀኝ ግን የለም። ይህ ነገር ከምገምተው በላይ ይከነክነኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ዳያስፖራ ትምህርት ቤታችን መጣ። በልጅነቱ ከጅግጅጋ ወጥቶ ሚኒሶታ ያደገ፣ ብሎኬት ማምረቻ ሊከፍት የተመለሰ፣ እንደ ግድግዳ የሰፋ ሰው ነው። በብብቱ ያልበሰለ ፓፓያ የመሰለ ነገር ይዟል። ርዕሰ መምህራችንን ሜዳውን ለልምምድ እንዲያውሱት ጠየቃቸው። እሳቸውም ኳሱን ተቀብለው ካገላበጡት በኋላ፣ "ይሄ ተጨፍልቆ ነው ወይስ ሲሠራም እንዲህ ነው?" አሉ። ሲሠራም እንዲህ ነው። ሜዳውን ፈቀዱለት፤ ከመምህራን አንድ ሰው እንዲገኝ አዘዙና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

በመጀመሪያው ቀን ከተማው ውስጥ የሰማ ሁሉ መጥቶ ነበር። ዳያስፖራው፣ ከዚያ በኋላ ሁላችንም አሰልጣኙ ነው የምንለው፣ ኳሱን በእግሩ ወደ ሰማይ ላከው። የጅግጅጋ ነፋስ ኳሱን ከያዘ በኋላ የሚያደርገውን እኔ ከአንድ ዓመት የሸሚዝ ፍለጋ አውቀው ነበር። ሰው ሁሉ ኳሱ ወደሄደበት ሲሮጥ እኔ በተቃራኒው አሥር እርምጃ ያህል ተራመድኩ። ኳሱ ወርዶ ደረቴ ላይ ተወሸቀ። ባላቅፈው ኖሮ ጎድኔን ይሰብረኝ ነበር። አሰልጣኙ ሮጦ መጥቶ ከመሬት አነሳኝና በተሰባበረ አማርኛ፣ "አንተ መላሽ! አንተ የኔ መላሽ!" አለ።

መላሽ ማለት እንዲህ ነው። ጨዋታ ሲጀመር ተጋጣሚው ኳሱን በእግሩ አርቆ ይመታል። ከኋላ ለብቻው ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ሰው አለ፤ ኳሱን ከሰማይ ተቀብሎ፣ ፊት ለፊት የሚመጡበትን ሰዎች እየተጠማዘዘ አልፎ የቻለውን ያህል ወደፊት ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ያው ሰው ተቀባይ ይሆናል፤ ወርዋሪው ኳስ ሲወረውርለት እየሮጠ በእጁ ይይዛል። ሜዳችን ድንጋይ ስለሆነ መጣጣል ከልክለናል። በምትኩ እያንዳንዱ ተጫዋች ወገቡ ላይ ሁለት የጨርቅ ቁራጭ ይሰካል፤ ያሮጌ ሽርጥ ቅዳጅ ነው። ጨርቁ ከተነቀለበት ቆመ ማለት ነው። ይህ ሕግ የወጣው ከጦር ካምፑ የሚመጣው ሃምሳ አለቃ በመጀመሪያው ቀን የቀበሌውን ጸሐፊ መሬት ላይ ካነጠፈው በኋላ ነው።

ልምምዳችን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። አሰልጣኙ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ከሰዓት ይሁን ብሎ ነበር፤ አንድም ሰው አልመጣለትም። ጅግጅጋ ውስጥ ከምሳ በኋላ ወንዱ ጫት ላይ ነው፤ ሚኒሶታ የኖረ ሰው ይህን ረስቶታል። በሰባት ሰባት ሰው እየተከፈልን እንጫወታለን፤ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ሃምሳ አለቃው፣ ጸሐፊው፣ እኔ፣ እና ከሁሉም በላይ ወርዋሪያችን። ወርዋሪያችን የከብት ገበያ ደላላ ነበር። ዕድሜው አርባ ገደማ፣ ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ክንዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲወረውር ኳሱ እየተሽከረከረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አሰልጣኙ በአሜሪካ አምስት ዓመት ለፍቶ ያላገኘውን ውርወራ ይህ ሰው በሁለተኛው ቀን አገኘው፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ትከሻውን ነቀነቀ።

ችግራችን ወሬ ነበር። በዚህ ጨዋታ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ተሰብስቦ ማን ወዴት እንደሚሮጥ መንገር ያስፈልጋል። አሰልጣኙ በእንግሊዝኛ ሲናገር ከእኔ በቀር ማንም አይገባውም፤ በሶማሊኛና በአማርኛ ሲነገር ደግሞ ተጋጣሚውም አብሮ ይሰማል። አንድ ቀን ደላላው ሰለቸውና፣ "ሃዬ፣ ተዉት፣ በእጅ እንነጋገር" አለ። ትከሻው ላይ የማትለየው ባለ መስመር ፎጣ አለችው። ተራ በተራ የእያንዳንዳችንን ቀኝ እጅ በፎጣው ሥር ያዘ። አንድ ጣት ከያዘ ቀጥ ብለህ ትሮጣለህ። ሁለት ጣት ከሆነ ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ፣ ሦስት ከሆነ ወደ ግራ። መዳፍህን በሙሉ ከጨበጠ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ትበራለህ። ገበያው ውስጥ ዋጋ የሚነጋገሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሻጩና ገዢው ሌላ ሰው እንዳያይባቸው በጨርቅ ሥር በጣት ይነጋገራሉ። አሰልጣኙ ይህን ሲያይ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። "አሜሪካ ሚሊዮን ያወጡበታል እኮ" አለ።

እኔ ግን እዚህ ላይ አንድ የግል ጣጣ ነበረብኝ። መዳፌ ያልበዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ የፈተና ወረቀት አርጥቤ ቀድጃለሁ፣ ሰው ለሰላምታ ከመጨበጤ በፊት ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ። ስለዚህ ደላላው ጣቴን እንደያዘ፣ የፈለገውን በቅጽበት እረዳና እጄን መዝዤ አወጣለሁ፤ ወዲያው ሱሪዬ ላይ ጥርግ። ፈጣን መሆኔም ትንሽ ያኮራኝ ነበር። የፊዚክስ መምህር አይደለሁ? ሌሎቹ ግን እጃቸውን ሰጥተው እንደ ታማሚ ይቆማሉ፤ አልገባቸውም እያልኩ በልቤ አዝንላቸው ነበር።

እንግዲህ ሳምንታት አለፉ፤ አንድም ኳስ አልተወረወረልኝም።

ምት መላሽ ሆኜ ስሜ ተጠርቷል፤ ይህን ስል ጉራ አይደለም። ነፋሱን አውቀዋለሁ፣ ቀጭን ነኝ፣ ጨርቄን ለመንቀል የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አየር ነው። ሜዳው ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ እኔ ከኋላ ስቆም ብርጭቆ ማጠቧን ትታ ታያለች። ግን ከዚያ በኋላ ተቀባይ ስሆን እሮጣለሁ፣ እታጠፋለሁ፣ እስከ መስመሩ ድረስ ማንም ሳይከተለኝ ብቻዬን እደርሳለሁ፣ እጄን አነሳለሁ፤ ኳሱ ለባጃጅ ሹፌሩ ይወረወራል። ኳሱ ለጸሐፊው ይወረወራል። ጸሐፊው መነጽር አድርጎ እንኳ በቅጡ አያይም። ምት የሚመጣልህ ነፋስ ስላመጣው ነው፤ ውርወራ ግን ሰው መርጦህ ነው። እኔን የሚመርጠኝ አልነበረም።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። ሀበሻ ስለሆንኩ ነው አልኩ። ከእነሱ አይደለሁም፣ ቋንቋውን አልችልም፣ ኳሱን ለማያውቁት ሰው ምን ብለው ይሰጣሉ? እርግጥ ሃምሳ አለቃውም የወላይታ ልጅ ነው፤ ለእሱ ግን ይወረወርለታል። ይህን ያህል ግልጽ ነገር ዓይኔ ሥር ቁጭ ብሎ እያለ፣ "እሱ ጠመንጃ ስላለው ነው" ብዬ አለፍኩት። ሰው መከፋት ሲፈልግ የሚያቆመው ነገር የለም።

አንድ እሁድ ለእህቴ ሆዴን ገለጥኩላት።

"አይወረውሩልኝም" አልኳት።

"ምኑን?"

"ኳስ።"

"ገዝተህ ለብቻህ አትጫወትም?"

ብቻዬን የምጫወተው እንዳልሆነ፣ እንዴት እንደሆነ፣ በፎጣ ሥር ያለውን ሁሉ፣ የማይወረውሩልኝም ሀበሻ ስለሆንኩ እንደሆነ አስረዳኋት። ግማሹ እንዳልገባት አውቃለሁ፤ የገባት ግን ዋናው ነገር ነበር። "እኔ እዚህ በሬን ከፍቼ እየጠበቅኩህ፣ አንተ የማይፈልጉህ ሰዎች ፊት እጅህን አንስተህ ትቆማለህ?" አለች። እንባዬ መጣ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ የክፍል ኃላፊ ነበርኩ፣ በኳስ ምክንያት ስልክ ይዤ አለቀስኩ።

በታኅሣሥ ዝውውሩ ተከፈተ። ቅጹን ከቢሮ ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። የሚመለሰው ከገና በኋላ ባለው የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው እሁድ ደግሞ ጎረቤት ከተማ ቀብሪበያ ሄደን የመጀመሪያ እውነተኛ ግጥሚያችንን እናደርጋለን። እኔም ከራሴ ጋር ተዋዋልኩ። በቀብሪበያው ግጥሚያ አንድ ኳስ ከተወረወረልኝ እቆያለሁ፤ ካልተወረወረልኝ ሰኞ ቅጹን አስገብቼ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። አሁን ሳስበው የሰው ኑሮ በዚህ አይወሰንም። ያኔ ግን ሌላ መለኪያ አልነበረኝም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ መቆየት ነበር የፈለግኩት።

ለገና ሦስት ወንደላጤ መምህራን ተዋጥተን ፍየል ልንገዛ ተስማማን፤ ገዢ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ፣ ደላላ አውቃለሁ ብለው። ደላላው ከብት ገበያው መግቢያ ላይ ተቀበለኝ። ሜዳ ላይ ከማየው ሌላ ሰው ነበር፤ ሆዱ ራሱ ገባ ብሏል፣ የሚያልፈው ሁሉ ይጠራዋል፣ ግመል እንኳ የሚያውቀው ይመስላል። አንድ ሽማግሌ ነጭና ቡናማ ፍየል ይዘው ቆመዋል። ጥርሷን አየልኝ፣ ጀርባዋን ዳበሰልኝ፣ ከዚያ ፎጣውን ጣል አድርጎ መጀመሪያ የሽማግሌውን እጅ ያዘ። ቀጥሎ የእኔን። ጣቶቼን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ፤ ዋጋው ወዲያው ገባኝ፣ ካሰብነው በታች ነበር፣ ደስ አለኝ። እጄን አወጣሁና ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ።

ደላላው ለሽማግሌው አንድ ቃል ተናገረ። ሽማግሌው ፍየሏን በገመዷ ሳብ አድርገው ሄዱ።

"ወዴት ነው የሚሄዱት?" አልኩት።

"እምቢ አልካቸው፣ ሄዱ። ሌላ እንይ።"

"ማን? እኔ? መቼ?"

"እጅህን አወጣህ እኮ።"

"እና?"

በትዕግሥት አየኝ። "መዓሊን፣ እጅህን ቀድመህ ካወጣህ አልፈልግም ነው። ከፈለግህ እኔ እስክለቅህ ትቆያለህ። ይሄንን ሕፃን ያውቃል።"

ከጥቅምት ጀምሮ የነበረው ጠዋት ሁሉ በዓይኔ ላይ መጣ። ጣት፣ መዘዝ፣ ጥርግ። ጣት፣ መዘዝ፣ ጥርግ።

"ሜዳ ላይም እንዲሁ ነው?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"ሜዳ ላይ ሌላ እጅ አለህ?"

"ለምን አልጠየቅከኝም ታዲያ?"

"እምቢ ያለ ሰው ለምን እምቢ አልክ አይባልም። ነውር ነው። ላለመፈለግ ምክንያት አለው፤ የራሱ ነው።"

መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። ላቡ ያብለጨልጫል። እንደሚያልበኝ፣ ስለማፍር ቶሎ እንደማወጣው ነገርኩት። መዳፌን ይዞ እንደ ፍየሏ ጥርስ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ፎጣውን አፉ ላይ አደረገ፣ ከዚያ አንድ የታሰረ በግ አጠገብ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ያጠገቡ ነጋዴዎች ምን እንደሆነ ሲጠይቁት በሶማሊኛ ነገራቸው፤ የከብት ገበያው ግማሽ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌውን ተከትለን አገኘናቸው። እጄን ሰጥቼ ደላላው እስኪለቀኝ ድረስ እንደ ሐውልት ቆምኩ፤ ላቡ ክርኔ ድረስ የወረደ መሰለኝ። ፍየሏ የእኛ ሆነች።

በማግስቱ ወሬው ቡድኑ ውስጥ ተዳርሶ ነበር። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "እኛ እኮ ትሑት ነው እንልህ ነበር። ኳሱን ለሌላ ይለቃል፣ ጥሩ ሰው ነው እያልን" አለኝ። አፈርኩ። እነሱ ጥሩ ሰው ሲሉኝ እኔ ለእህቴ በስልክ ምን ስላቸው እንደነበር ማን ነግሯቸው? ቅጹ ግን አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከራሴ ጋር የተዋዋልኩት አልፈረሰም፤ እንዲያውም ባሰ። ከእንግዲህ የማሳብበው ሰው የለም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሃምሳ አለቃው አስቀድሞ ቦታ ይዞልኛል። ቀብሪበያ ስንደርስ ሜዳው ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው አስደነገጠን። ተጋጣሚያችን ግማሹ የከተማው ልጆች፣ ግማሹ ከስደተኞች መጠለያው የመጡ ናቸው፤ አሜሪካ የተሻገሩ ዘመዶቻቸው ቪዲዮ እየላኩላቸው ጨዋታውን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ተመልካቹ ደግሞ አብዛኛው የከብት ነጋዴ ነው። ተሰብስበን ፎጣው ሲዘረጋ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ተነሡ። አንዱ ጮክ ብለው ደላላችንን፣ "ምን እየሸጥክ ነው?" አሉት፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ስምምነቱ ጨዋታው ለአስር፣ ማለት ለከሰዓቱ ሶላት፣ ሲጠራ እንዲያበቃ ነበር፤ ሰዓት የያዘ ዳኛ አላስፈለገንም።

የመጀመሪያውን ምት በደንብ መለስኩ፤ የሜዳውን ግማሽ ሮጥኩ። ከዚያ ተሰበሰብን። ደላላው እጄን በፎጣው ሥር ያዘ። መዳፌን በሙሉ ጨበጠ። እስከ መጨረሻው ድረስ ብረር ማለቱ ነው። አላወጣሁም። ቀና ብሎ አየኝ፣ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፣ ለቀቀኝ።

በረርኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ዘወር ስል ኳሱ እየተሽከረከረ፣ ቀጥ ብሎ፣ ለእኔ፣ ለእኔ ብቻ እየመጣ ነው። ሦስት ወር የጠበቅሁት ኳስ ሁለቱ መዳፎቼ መካከል ገባ፤ ከዚያ እንደ ታጠበ ሳሙና ሾልኮ ከኋላዬ ወደቀ። ተመልካቹ "ኦ" አለ። አንዱ፣ "ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ እጅህን ቅቤ ቀብተህ ነው?" ብሎ ጮኸ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ኳሱ ለሌሎች ሄደ። አንድ እነሱ አገቡ፣ አንድ እኛ አገባን። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፤ መስጊዱ አካባቢ ሰዎች ውዱእ ለማድረግ፣ ለሶላት ለመታጠብ፣ መሄድ ጀመሩ። አንድ ውርወራ ቢቀረን ነው። ተሰበሰብን፤ ደላላው እጄን ያዘ። አሁንም መዳፌን በሙሉ ጨበጠ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን የምር ማውጣት ፈለግሁ። እስካሁን ያወጣሁት ሳላውቅ ነበር፤ አሁን አውቄ፣ ፈርቼ፣ ያ ሁሉ ሰው እንዳይስቅብኝ ማውጣት አማረኝ። እሱም ይጠብቃል፤ አይስበኝም፣ አይገፋኝም። የላቤ ሙቀት ይሰማኛል፣ እሱም እንደሚሰማው አውቃለሁ። ተውኩት። እጄን እዚያው ተውኩት፤ እሱ ነው የለቀቀኝ።

ሮጥኩ። ኳሱ ሲመጣ በእጄ ለመያዝ አልሞከርኩም፤ እንደ ምት ኳስ በደረቴ ተቀብዬ በሁለት ክንዴ አቀፍኩት። መታኝ፣ ትንፋሼን አሳጣኝ፣ ግን አልወጣም። አቅፌው መስመሩን አለፍኩ፤ ስላላቆምኩ ከመስመሩ ማዶ የቆሙ ፍየሎች መካከል ገባሁ። ከዚያ ነው ጆሮዬ የተከፈተው። አዛን እየተባለ ነበር።

ኳሱ አየር ላይ እያለ ነው የተጀመረው አሉ የቀብሪበያ ልጆች። ከያዘው በኋላ ነው አሉ የእኛዎቹ። ክርክሩ ከሶላት በኋላ ይሁን ተባለና ሁለቱም ቡድኖች አብረው ሊሰግዱ ሄዱ። እኔና ሃምሳ አለቃው ሜዳው መሃል ኳሱን ይዘን ተቀመጥን። ስልኬ ጮኸ፤ እሁድ ነበር።

"ቅጹን ሞላህ?" አለች እህቴ።

"አልሞላሁም። ዘንድሮ አልመጣም።"

እንደከፋት ገባኝ። የሆነውን ብቻ ነገርኳት፤ ለካ እምቢ ስል የነበርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ዛሬ አንዱን እንደጣልኩ፣ አንዱን እንደያዝኩ።

"አንዱን ከጣልክ በኋላ ነው ሁለተኛውን የወረወሩልህ?" አለች።

"አዎ።"

"እንግዲህ" አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፣ "ለፋሲካ እንኳ ና።"

ከሶላት ሲመለሱ ማንም መከራከር አልፈለገም፤ አቻ ይሁን ተባለና የቀብሪበያ ልጆች ሻይ ጋበዙን። ስለዚህ የያዝኩት ኳስ በውጤት ላይ አልተቆጠረም። ምንም አልመሰለኝም።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ ከደላላው ጎን ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ከኋላ ይዘፍናሉ። ከገበያው ቀን ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበርና አወጣሁት። "ታውቃለህ" አልኩት፣ "ኳስ የማትወረውርልኝ ሀበሻ ስለሆንኩ ነበር የመሰለኝ። ለእህቴም እንዲያ ብዬ ነግሬያታለሁ።"

ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም። ኬላው ጋ ቆመን አለፍን።

"እኔ ደግሞ" አለ በኋላ፣ "የናቅከን መስሎኝ ነበር። የተማረ ሰው ነው፣ ከእኛ እጅ መቀበል አይፈልግም ብዬ።"

ከጥቅምት ጀምሮ ስንት ጠዋት፣ በአንዱ ጠዋት ስንት ጊዜ እንደተሰበሰብን አሰብኩ። በእያንዳንዱ ጊዜ እጄን ይዟል። አንዴም ዘሎኝ አያውቅም።

"ታዲያ ሁልጊዜ እምቢ እያልኩህ ለምን ትይዘኝ ነበር?" አልኩት።

በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየ፣ "አንድ ቀን እሺ ካልክ ብዬ ነዋ" አለ።